እንግዳ፣ ለማጅ፣ ቤተኛ

ሙሽሪት የኋላውን ክፍል በር ስትከፍት መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ታርጋው ላይ ነው። ከትንሿ ገንዳ ጥግ፣ ከሽቦው መንጠቆ ላይ፣ «ቤተኛ» የሚል ነጭ ፕላስቲክ ተንጠልጥሏል። ገንዳዋ ውስጥ ውኃ አለ፤ ዓሣ እንዲደበቅባቸው የገቡት ሁለት ቁራጭ የቧንቧ ቱቦዎችም አሉ፤ የአየር መንፊያው እንደ ልማዱ ይንቦቀቦቃል። ዓሣ ግን የለም። ከትናንት በስቲያ ጥላው ስትሄድ እዚያ ተሰቅሎ የነበረው ታርጋ «ለማጅ» ይል ነበር።

የታርጋውን ነገር ያላወቀ ሰው ንዴቷ አይገባውም። የሱቁ ባለቤት አማቷ ናቸው፤ ሁሉም አባባ ነው የሚላቸው። የባሕር ዓሣ መሸጥ የጀመሩ ጊዜ፣ ከመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ መኪና ኋላ ያዩትን ቃል ወስደው የራሳቸውን ሕግ አወጡ። ዓሣ በካርቶን ታሽጎ ሲመጣ «እንግዳ» ነው። ሙቀቱ እስኪስተካከል ከነላስቲኩ ውኃ ላይ ሃያ ደቂቃ ይንሳፈፋል። ከዚያ ባልዲ ውስጥ ይገለበጥና፣ ቋጠሮ በተቋጠረባት ቀጭን ቱቦ የገንዳው ውኃ ጠብ ጠብ ይልበታል፣ የባልዲው ጨው ከገንዳው ጨው እኩል እስኪሆን ድረስ። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ዓሣውን በእጁ ገደለው ማለት ነው። ከዚያ ዓሣው ብቻውን ይወጣል፤ የመጣበት ውኃ አንዲት ጠብታ እንኳ አብራው አትገባም።

አሁን «ለማጅ» ሆነ። በኋላው ክፍል፣ በለይቶ ማቆያዋ ገንዳ፣ አርባ ቀን ለብቻው ይቀመጣል። ገላው ላይ የጨው ቅንጣት የምታክል ነጭ ነጥብ ከታየችበት ቆጠራው ይሰረዝና መድኃኒት ይጀመርለታል፤ አርባው እንደገና የሚቆጠረው የመጨረሻዋ ነጥብ ከጠፋችበት ቀን ነው። ይህን ሁሉ ያለፈ ዓሣ ነው «ቤተኛ» ተብሎ ሱቁ ፊት ወዳለው ትልቁ ገንዳ የሚገባው። አባባ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ታርጋ መጻፉንም መስቀሉንም ለሙሽሪት ተዉላት። እሷም ከአይስክሬም ዕቃ ክዳን እየቆረጠች፣ በማይለቅ ቀለም እየጻፈች፣ በቆርቆሮ ሣጥን ሞላቻቸው። በሰቀለች ቁጥርም ጀርባቸው ላይ በእርሳስ ቀኑን ትጽፋለች። ይህን ማንም አላዘዛት፤ ማንምም ልብ ብሎ አያውቅ።

ሙሽሪት የሚለው ስም የወጣላት ለዚህ ቤት ታናሽ ወንድ ልጅ የተዳረች ዕለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ልጅ ወልዳለች፣ ወገቧ መታመም ጀምሯል፣ ግንባሯ ላይ ሽበት ብቅ ብሏል፤ እነሱ ግን ሙሽሪት ከማለት አልተመለሱም። ሲጠሯት በፍቅር ነው፣ ይህን አትክድም። ነገር ግን ዓሣ በአርባ ቀን ቤተኛ በሚሆንበት ቤት እሷ በገባች በአሥራ አንድ ዓመቷም ሙሽራ ናት፣ እና አንዳንድ ቀን ይህ ነገር እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ይሰነቀራል።

ወደ ሱቁ ፊት ሮጠች።

ባንዲራው እዚያ ነበር። የጀርባ ክንፉ ረዝሞ ስለሚውለበለብ ባንዲራ ያሉት፣ ነጭና ጥቁር ሸንተረር ያለው ዓሣ፣ ገና ዘጠነኛ ቀኑ፣ በትልቁ ገንዳ መካከል ይንጎማለላል። ጥቂት እንደ ዋኘ ጎኑን ከድንጋዩ ጋር አሸት አደረገ። ጠጋ ብላ አየችው። ከክንፉ ሥር ሦስት ነጫጭ ነጥቦች አሉ። ከበስተኋላው ደግሞ ሽማግሌው የሚሉት ዓሣ ቀስ ብሎ መጣ፤ እንደ ሁልጊዜው እሷን ሲያይ ወደ መስታወቱ ተጠጋና አፉን ከፈት ከደን አደረገ። ሽማግሌው ቢጫ ጭራ ያለው፣ የሰው መዳፍ የሚያክል ሰማያዊ ዓሣ ነው። እዚህ ገንዳ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። አባባ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወንበራቸውን እሱ ፊት አስቀምጠው ነው የሚውሉት፤ ጋዜጣውንም ጮክ ብለው የሚያነቡት ለእሱ ይመስላል። የእሱ ዓይነት ዓሣ ደግሞ በዚህ በሽታ ከሁሉም ቀድሞ ነው የሚወድቀው።

የሙሽሪት ደም ፈላ። ከጀርባዋ የኋላው ክፍል በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰምታለች፤ ልብ ግን አላለችውም።

ባንኮኒው ኋላ ያለው ሰው የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ማናጀሩ ይሉታል፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። የንግድ ካርድ ያሳተመው የጨው መለኪያውን በየት በኩል እንደሚያዩበት ሳያውቅ ሲሆን፣ እስከ ዛሬም አያውቀውም።

«ጋሼ፣ ባንዲራውን ማነው ያወጣው?»

«በመጀመሪያ እንዴት አደርክ ይባላል።»

«ማነው ያወጣው?»

«እኔ ነኛ። ትናንት የጥርስ ሐኪሙ መጥቶ ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ፣ ተራ የሚጠበቅበት ክፍል ላይ ትልቅ ገንዳ ሊያሠራ ነው። ታዲያ ሰውዬውን ቱቦ ውስጥ የተወሸቀ ዓሣ ላሳየው?»

«ዘጠነኛ ቀኑ እኮ ነው።»

«እኔ እሱን በምን አውቃለሁ? ታርጋው ቤተኛ ይላል። የምትሰቅይው ደግሞ አንቺ ነሽ። እኔ ያነበብኩትን ነው ያደረግኩት።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የሚናገረው። ሙሽሪት ለአንድ አፍታ ራሷን ጠረጠረች፤ እውነቱን ለመናገር ይኼ ነው ከሁሉም በላይ ያናደዳት። ከትናንት በስቲያ ስትወጣ ተጣድፋ ነበር። እናቷ ዓይናቸውን ሊታከሙ ቀጠሮ ነበራቸው፤ ቦርሳዋን በአንድ እጇ፣ ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ይዛ ነው የወጣችው። ምናልባት ተሳስታ ይሆን? ከዚያ የእርሳሱ ነገር ትዝ አላት። ጀርባው ላይ ቀን ካለ እሷ ናት፤ ከሌለ አይደለችም። ወደ ኋላው ክፍል ተመለሰች። መንጠቆው ባዶ ነው።

«ታርጋውስ?» አለች።

«አስቀምጬዋለሁ» አለ ማናጀሩ፣ መሳቢያውን በጉልበቱ እየዘጋ። «ነገ አባባ ቢጠይቁኝ ማስረጃ ይሆነኛል።»

እንግዲህ በሽታው ትልቁ ገንዳ ውስጥ ገብቷል። መድኃኒቱ መዳብ ያለበት ስለሆነ እዚያው አይጨመርም፤ ከዓሦቹ ጋር የሚኖሩትን ኮራልና ሽሪምፕ የተባሉ የባሕር ፍጡራን ጠራርጎ ይገድላል። መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ አሥራ አምስቱም ዓሦች ወጥተው በኋላው ክፍል ይታከማሉ፣ ትልቁ ገንዳ ደግሞ ዓሣ የሚባል ሳይገባበት ሰባ ስድስት ቀን ይቆያል። አሸዋው ውስጥ የተደበቀው ተባይ የሚጣበቅበት አጥቶ የሚሞተው እንደዚያ ሲሆን ነው። ሙሽሪት ይህን ሁሉ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አንድ በአንድ አስረዳችው።

«ሰባ ስድስት ቀን ባዶ ገንዳ?» አለ ማናጀሩ። «ሱቁ ፊት? ሰውዬው እኮ ሰኞ ይመለሳል። ሦስት ነጥብ አይተሽ ቤቱን ልትዘጊው ነው እንዴ? ጨው ነክቶት ይሆናላ።»

ሳቀም። በቀልዱ የሳቀው ግን እሱ ብቻ ነው።

«ዛሬ ካላወጣናቸው ሽማግሌው ይሞታል።»

«ሙሽሪት፣ አትካበጂ። ደግሞ አባባ ጆሮ እንዳይደርስ። ልባቸውን ታውቂያለሽ፣ አንድ ነገር ቢሆኑ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።»

ከሰዓት በኋላ ከሆነ ቦታ ትንሽ ጠርሙስ ገዝቶ መጣ፤ መለያው ላይ የሚስቅ ዓሣ ተሥሏል። አሥር ጠብታ ጨምሮ እጁን አራገፈ። ውኃው ትንሽ የሎሚ ሽታ ያዘ፣ ሌላ የሆነ ነገር የለም።

ሙሽሪት ለባሏ ደወለች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በሳምንት አራት ቀን መንገድ ላይ ነው የሚያድረው። የነገሩን መጀመሪያ ሳትጨርስ ገና «ተይው እስኪ በናትሽ» አላት። «ወንድሜን ታውቂው የለም? እኔ ስመጣ እናየዋለን። አሁን ነገር አታክርሪ።» ነገር ያከረረችው እሷ መሆኗ ነው እንግዲህ። ስልኩን ዘጋችበት።

ሁለት ቀን ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ራሷን ይቅር ያላለችው ለእነዚህ ሁለት ቀናት ነው። አባባ ፊት ለፊት ተቀምጠው ጋዜጣቸውን ሲያነቡ፣ ሽማግሌው ጎኑን በድንጋይ ሲፈትግ፣ እሷ እንደ ጨዋ ምራት አንገቷን ደፍታ መስታወት ስትወለውል ዋለች። ጨዋነቷ ራሷን አንገሸገሻት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አባባ ጋዜጣውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ይኼ ሽማግሌ ዛሬ ምን ሆኗል?» አሉ። «ሰላም ሳይለኝ ቀረ።»

ሙሽሪት አየችው። ጥግ ላይ፣ ከማጣሪያው ሥር ቆሟል። ሰማያዊ ገላው ላይ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል።

«ታሟል፣ አባባ» አለች። «ሦስት ቀኑ ነው። እንዳልነግርዎት ተብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

አባባ ብድግ ብለው የሱቁን በር በገዛ እጃቸው ቆለፉና «ዝግ ነው» የሚለውን ሰሌዳ ወደ ውጭ አዞሩት። «ምንድን ነው የምይዘው?» አሏት።

ማናጀሩ ባንክ ሄዶ ነበር፤ እስኪመለስ ድረስ ግማሹን ሠርተውታል። ዓሦቹን ለመያዝ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ነቀለቻቸው፤ እሷና አባባ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንዱን በአንዱ ላይ ያስቀመጧቸው፣ ሰው የማያየውን ቀዳዳ ሁሉ የምታውቅላቸው ድንጋዮች። እጅጌዋ እስከ ትከሻዋ በሰበሰ። አባባ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ባልዲ ያዙላት፣ ውኃው ግማሹ ጫማቸው ላይ ፈሰሰ፣ እሳቸውም አላዩትም። ማናጀሩ በሩን ሲያንኳኳ ሁለቱም ዞር ብለው አላዩትም። ትንሽ ቆሞ በመስታወቱ እያየ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገና ሄደ።

ባንዲራው ራሱ በማግስቱ ሞተ። ከዓሣዎቹ ሁሉ በዚህ ነገር ምንም ጥፋት የሌለበት እሱ ነበር፤ ማንም ሳይጠይቀው ነው በሽታውን ተሸክሞ የመጣው፣ ማንም ሳይጠይቀው ነው ያስገቡት። ሽማግሌው ሦስት ቀን ታገለ። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ሙሽሪት እጇን ስታስገባ እንደ ድሮው ጣቷ ዘንድ መጣ፤ የያዘችለትን ምግብ ግን አልነካም። መዳፏ ላይ ጎኑን አሳረፈ። ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

አላለቀሰችም። ንዴቷ ለእንባ ቦታ አልተወለትም። በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችውና ለአባባ ሰጠቻቸው፤ አባባም ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ባዶውን ገንዳ ሲያዩ ቆዩ።

ሰኞ ጠዋት፣ ሱቁ ሳይከፈት፣ አራቱም ተቀመጡ። ባሏ ከመንገድ መጥቷል፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ይፈታል፣ ያስራል። ማናጀሩ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፀጉሩን ተቀብቶ ነው የመጣው። የጥርስ ሐኪሙ በመንገድ ሲያልፍ ባዶውን ገንዳ በመስኮት አይቶ ሌላ ቦታ እንደሚያሠራ በስልክ ነግሮታል፤ ስለዚህ እሱም በበኩሉ ተናዷል።

«እኔ ማንንም ለመውቀስ አይደለም» ብሎ ጀመረ፤ እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ምን እንደሚል የታወቀ ነው። «ሙሽሪት ደክሟታል። እናቷም ታመውባታል። ሰው ነች፣ ትሳሳታለች። ተጣድፋ ቤተኛ ብላ ሰቀለች፣ እኔም አምኜ አስገባሁ። በዚያ ላይ መድኃኒቱን ያበዛችው ይመስለኛል። አልፈርድባትም። ግን እኔ ላይ እንዲላከክ አልፈልግም።» ከኪሱ ታርጋውን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይኸው። የእጅ ጽሑፏ ነው። የእሷ አይደለም የሚል አለ?»

ጽሑፉ የእሷ ነው፤ በዚህ ቤት ያለ ታርጋ ሁሉ የእሷ ጽሑፍ ነው።

ሙሽሪት እጇን ዘረጋችና ታርጋውን ገለበጠችው።

ጀርባው ነጭ ነው። ምንም የለበትም።

ተነሥታ የቆርቆሮ ሣጥኑን አመጣች። ከሌሎቹ ገንዳዎች ላይ ደግሞ የተሰቀሉትን ታርጋዎች አንድ በአንድ እየነቀለች ጠረጴዛው ላይ በጀርባቸው ደረደረቻቸው። ሁሉም ላይ ቀን አለ፤ በትንንሽ፣ በተጠጋጋ የእርሳስ ጽሑፍ። ከሣጥኑ ውስጥ ያሉት፣ ገና ያልተሰቀሉት፣ ባዶ ናቸው። ማናጀሩ የያዘው ባዶ ነው።

አባባ መነጽራቸውን አደረጉ። አንዱን አነሡ፣ አነበቡ፣ አስቀመጡ። ሌላውን አነሡ።

«ይኼን ከመቼ ጀምሮ ነው የምትጽፊው?»

«ታርጋውን ከተዉልኝ ቀን ጀምሮ።»

«እኔ እንኳ አላየሁትም።»

«ማንም አላየውም» አለች። «የሚገለብጠው ሰው አልነበረማ።»

ማናጀሩ ሳል ሳል አለው። «እሺ፣ እንበልና እኔ ነኝ የሰቀልኩት» አለ። «ሥራ ነው። ደንበኛ ይመጣ ነበር። እና ምን ይሁን? ለአንድ ዓሣ ቤተሰብ ሊበተን ነው? ደግሞ ሙሽሪት በቤተሰብ ነገር—»

«ሙሽሪት አትበለኝ» አለችው።

ድምፅዋ ከፍ አላለም። ጋሼም አላለችውም። ባሏ የጫማውን ክር ተወው።

«ዓሣው ሞተ፣ እሺ። ዓሣ ይሞታል። አንተ ግን አባትህ ፊት ቁጭ ብለህ፣ ውሸትህን በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው ያመጣኸው። በገዛ እጄ ጽሑፍ። እሱን ነው የማልረሳው።»

አባባ ቀስ ብለው ተነሡ። የቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ እጃቸውን ከተው ሲፈልጉ ቆዩ፤ የሚንቀጠቀጡት ጣቶቻቸው ፕላስቲኩን ያንኳኩታል። አንድ አወጡ። «ቤተኛ» ይላል።

«እንቺ» አሏት። «ይኼ የአንቺ ነው። እስከ ዛሬ የሰጠሽ የለም።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ሌላ ቀን ቢሆን ጉልበታቸውን ትስም ነበር፤ ይህን ራሷም ታውቃለች። ዛሬ ግን ታርጋውን ተቀብላ ገለበጠችው፣ ጀርባውን አሳየቻቸው።

«ባዶ ነው፣ አባባ።»

አባባ የደረት ኪሳቸውን ለእርሳስ መዳሰስ ጀመሩ።

«ይተዉት» አለች። «የዛሬን ቀን ቢጽፉበት ውሸት ነው። የገባሁበትን ቀን ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ።» ታርጋውን ሣጥኑ ውስጥ መለሰችው። ከዚያ ሌላ አወጣች። እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ ነቅላ ጀርባው ላይ የዕለቱን ቀን ጻፈች፣ ሄዳም ከኋላው ክፍል በር አጠገብ፣ የማናጀሩ ጃኬት ከሚሰቀልበት መንጠቆ ላይ አንጠለጠለችው። «እንግዳ» ይላል። መዳፏን ወደ ማናጀሩ ዘረጋች። «የዚህን ክፍል ቁልፍ።»

ማናጀሩ ወደ አባቱ ዞረ። አባባ ታርጋውን ያያሉ እንጂ እሱን አያዩም። ወደ ወንድሙ ዞረ። ወንድሙ የጫማውን ክር ያያል። በመጨረሻ ቁልፉን ከቀለበቱ ላይ ፈልቅቆ አውጥቶ መዳፏ ላይ ጣለው።

«ስንት ቀን ነው?» አሉ አባባ፤ ለማንኛውም አዲስ ዓሣ እንደሚጠይቁት አድርገው።

«አርባ» አለች። «ግን እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ፣ አባባ። አርባው የሚቆጠረው የመጨረሻዋ ነጥብ ከጠፋችበት ቀን ጀምሮ ነው።» ማናጀሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። «የእሱ ገና አልጠፋችም። መቁጠር አልጀመርንም።»

በሩን ከፍታ ገባች። ከኋላዋ የወንበር መንኳኳት ሰማች፤ ባሏ ነው። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት፣ ባልዲውን ልያዝልሽ ወይ አላት። ከአሥራ አምስቱ የተረፉት አሥራ ሦስት ዓሦች ውኃ የሚቀየርላቸው ሰዓት ደርሶ ነበር።

«መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» አለችው።